ከትራክተሩ በፊት መሬቴን ለለኩልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የትራክተር መካኒክ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለለመኑኝ አላወጣውም። የሠሩልኝን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ትንሽ ትራክተር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሁለት ሄክታር የምትሆን መሬት አለችኝ። ግማሽ ሄክታሩ በየወቅቱ የሚታረስ የአትክልት ቦታ ነው። ከዚያ የፍራፍሬ ዛፎች አሉ። የቀረው ሳር ነው፣ ጫፉ ላይ ተዳፋት አለው። ለዓመታት በሰው ጉልበትና በኪራይ ማሽን ስሠራ ቆየሁ። የኪራይ ማሽን ችግሩ ይታወቃል፤ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ይፈልገዋል። ተራዬ ሲደርስ አፈሩ ደርቆ ይጠብቀኛል። ስለዚህ የራሴን ልግዛ ብዬ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሻጭ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ስንት ሄክታር ነው?» ሁለት አልኩት። «45 ፈረስ ጉልበት ያለውን ውሰጂ፣ ትልቅ የገዛ አይቆጨውም» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር ምክሩ። ልከፍል ሁለት ቀን ሲቀረኝ አንድ ዘመዴ «ከመክፈልሽ በፊት እኚህ ሰውዬ ይዩልሽ» ብሎ ከጋሼ ጋር አገናኘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። በአንድ እጃቸው ሜትር፣ በሌላው የተጠቀለለ ሲባጎ ይዘዋል። እኔ የትራክተሩን ፕሮስፔክተስ፣ ልኩና አቅሙ የተዘረዘረበትን ወረቀት፣ ዘርግቼ ጠበቅኳቸው። አላዩትም። «እሱ ይቆየን ልጄ፣ መጀመሪያ መሬቱን አሳዪኝ» አሉኝ።

እየሄድን ይጠይቁኛል። በዓመት ውስጥ ምን ምን ልትሠሪበት ነው? ስንት ጊዜ? ስንት ሰዓት? ፍግ ከየት ወዴት ይሄዳል? ሳሩ በዓመት ስንት ጊዜ ይታጨዳል? የመለስኩትን ሁሉ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ጨርሰው ሲያሳዩኝ ደነገጥኩ። እርሻው በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አብዛኛው ሰዓት የሚሄደው ሳር በማጨድ፣ ፍግና አፈር በማመላለስ ነው። «አየሽ፣ አንቺ የምትፈልጊው ከአራሽ ይልቅ ተሸካሚ ነው» አሉኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ ትራክተር የማስብበት መንገድ ተለወጠ።

ወደ ዛፎቹ ሄድን። በሁለት ረድፍ መካከል 4 ሜትር ነው። ለእኔ በቂ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ግን የለኩት ከግንድ እስከ ግንድ ሳይሆን ከቅርንጫፍ እስከ ቅርንጫፍ ነው። 1 ሜትር ከ60 ወጣ። ልገዛው የነበረው ትራክተር የጎን ስፋቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ማለትም ከመሬቴ ሲሶ የሚሆነው ውስጥ ጭራሽ አይገባም ነበር። ቀጥለው ረድፉ መጨረሻ ላይ ችካል ተከሉ፣ ሲባጎውን አሰሩበት፣ ፕሮስፔክተሱ ላይ ባለው የመዞሪያ ራዲየስ ልክ ክብ ሠሩ። ክቡ አጥሩን አልፎ ሄደ። ቆሜ ያየሁት ነገር ስለሆነ ምንም የሚያከራክር አልነበረም።

እዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሂሳብ ሠራን። ይህን ሂሳብ ሁላችሁም ያዙት። ፍጥነትን በኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የማሽኑን ስፋት በሜትር ወስዳችሁ ታባዛላችሁ፤ ለ10 ታካፍላላችሁ። በሰዓት ስንት ሄክታር እንደሚሠራ ይነግራችኋል። 1 ሜትር ከ25 ስፋት ያለው ሮታቬተር፣ ማለትም በሚሽከረከር ምላጭ አፈሩን የሚፈጭ ማረሻ፣ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 0.25 ሄክታር ነው። ለመዞሪያና ለመደራረብ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ፣ 0.2 ሄክታር ይቀራል። የእኔ ግማሽ ሄክታር በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል። 45 ፈረስ ጉልበት ያለው 1 ሜትር ከ80 ሮታቬተር ቢይዝስ? አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ። ልዩነቱ በአንድ እርሻ ሦስት ሩብ ሰዓት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚታረስ መሬት አንድ ሰዓት ተኩል ለማትረፍ ብዬ ነው ያን ሁሉ ብረት ልገዛ የነበረው።

የፈረስ ጉልበትን ነገርም አስረዱኝ። ቦኔቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሞተሩ ነው። ሮታቬተሩንና ማጨጃውን የሚያዞረው ግን ከኋላ የሚወጣው ዘንግ ነው፤ ፒቲኦ ይሉታል። በአብዛኛው በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ከሞተሩ ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ ኃይል ይባክናል። 25 ፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር ፒቲኦው ላይ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 21 ነው የሚሰጠው። ጋሼ የሚጠቀሙበት ልክ ለአንድ ሜትር የማጨጃ ስፋት 16 የፒቲኦ ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ለሮታቬተርም ከዚህ ባይበልጥ እንጂ አያንስም፤ ጠንካራ አፈር ሲሆን ይጨምራል። ስለዚህ ለ1 ሜትር ከ25 ሮታቬተር 20 ያህል ያስፈልጋል። መሬታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል። 1500 ሜትር ላይ 15 በመቶ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለሚኖር ሰው ጋሼ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ነው የሚመክሩት።

እዚህ ላይ እኔ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥኩ። «እንግዲያው ትንሹን፣ 18 ፈረስ ጉልበት ያለውን ልግዛ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባልዲ አምጪ፣ ሚዛንም ካለሽ አምጪ» አሉኝ።

20 ሊትር ባልዲ እርጥብ አፈር ሞላን። ሚዛን ላይ አወጣነው። 34 ኪሎ። «አሁን የሎደሩን፣ ከትራክተሩ ፊት የሚገጠመውን ማንሻ፣ ባልዲ አስቢ። 200 ሊትር ይይዛል እንበል። እንዲህ ያለ ባልዲ አሥር ነው።» 340 ኪሎ ማለት ነው፤ የሎደሩ ባልዲ የራሱ ክብደት ገና አልተጨመረም። ከዚያ ፕሮስፔክተሱን ገልጠው የትንሹን ሎደር ቁጥር አሳዩኝ። የማንሳት አቅሙ የተለካው ባልዲው ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት ፒን ላይ ነው። ጭነቱ ግን ያለው ከፒኑ ወደ ፊት ነው። ግማሽ ሜትር ወደ ፊት በሄደ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። የኋላው ማንሻም እንዲሁ ነው። ክንዶቹ ጫፍ ላይ የሚያነሳውና ከዚያ 61 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚያነሳው አንድ አይደለም። ሁለት ትራክተር ስታወዳድሩ ቁጥሩ የት ላይ እንደተለካ ካላያችሁ ትሳሳታላችሁ። የ18ቱ ሎደር የእኔን እርጥብ ፍግ ይዞ አይነሳም ነበር፣ ከተነሳም ግማሽ ግማሽ እየሞላሁ ነበር የምመላለሰው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የማመሰግንበትን ልንገራችሁ። ተዳፋቷን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። የአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ሎደሩ ሲሞላ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ፍሬን ቢይዝም መንሸራተቱ አይቀርም። ቁልቁል እየወረዱ ይህ ከገጠመ ማቆሚያ የለም። ፎር ዊል ድራይቩ ከገባ ግን የፊት ጎማዎቹም አብረው ይይዛሉ። ስለዚህ ፎር ዊል ያልሆነውን ከዝርዝሩ ሰረዙት። ኋላው ላይ ክብደት መታሰር አለበት አሉ፤ ወይ ኮንክሪት የተሞላ ሳጥን፣ ወይ ከባድ መሣሪያ። የኋላ ጎማዎቹ ውስጥም ውሃ ይሞላል፤ ቫልቩን ወደ ላይ አዙሮ ውሃው ቫልቩ ጋ እስኪደርስ፣ ሦስት አራተኛ ያህል። ባልዲው ሲሞላ ከመሬት ብዙም ሳይነሳ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ተዳፋቱን ወደ ጎን ማቋረጥ የለም፣ ቀጥታ መውጣት ቀጥታ መውረድ ነው።

ከመቀመጫው ኋላ የቆመውን የብረት ቀስት ነገር ደግሞ ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። ትራክተሩ ቢገለበጥ ነጂውን የሚያተርፈው እሱና ቀበቶው አንድ ላይ ናቸው። ቀስቱ ከቆመ ቀበቶ ይታሰራል። ከቅርንጫፍ ሥር ለማለፍ ቀስቱ ከታጠፈ ቀበቶ አይታሰርም፣ ከዛፎቹ እንደወጡ ወዲያው ይነሳል። «ቀስት የሌለው ትራክተር በነፃ ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ያየ ሰው ድምፅ ነበር። ምን እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ጨረስነው። ለእኔ ሥራ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ለሚበዛበት ሎደር፣ በዘይት ግፊት የሚነዳው፣ በየጊዜው ማርሽ መቀየር የማያስፈልገው ሃይድሮስታቲክ ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ ማረስ ቢሆን ግን ያን ያህል ኃይል ስለማያባክን በማርሽ የሚሠራውን ይመርጡ ነበር። ጎማው ጥርሱ ጥልቅ የሆነው አር 1 ለጭቃ ጎበዝ ነው፣ ሳሩን ግን ይቦጫጭቀዋል። እኔ መካከለኛውን አር 4 ወሰድኩ። አንድ ያገለገለ መሬት ማስተካከያ ምላጭ ነበረኝ። የታችኛውን ፒን በካሊፐር ለኩት፣ 22 ሚሊ ሜትር። ምድብ 1 የሚባለው መጠን ነው፣ ከአዲሱ ትራክተር ሦስት ነጥብ ማያያዣ፣ ማለትም መሣሪያ ከኋላ ከሚታሰርበት፣ ጋር ይገጥማል። እሱን ከመጣል ተረፍኩ።

በመጨረሻ 25 ፈረስ ጉልበት፣ ፎር ዊል፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ25 የሆነ ትራክተር ላይ ተስማማን። ሮታቬተሩም 1 ሜትር ከ25 ነው፤ ከኋላ ጎማዎቹ ስፋት ካነሰ ጎማው የታረሰውን መልሶ ይረግጠዋል።

ሲገዛም አብረውኝ ሄዱ። ባዶ ግቢ ውስጥ አዙሬ እንድመልሰው አልፈቀዱም። ኋላው ላይ ክብደት አሳስረው፣ ሎደሩን አፈር አስሞልተው፣ እኔን አስነድተው፣ እሳቸው በጎን እየተራመዱ የኋላ ጎማውን ያያሉ። የዘይት ፊልትሮና የናፍጣ ፊልትሮ ከመጋዘን እንዲወጣ ጠየቁ። «አለ» መባሉ አልበቃቸውም፣ በእጃቸው ይዘው አዩት። ከሻጩ ምንም ኮሚሽን አልተቀበሉም። እንዲያውም ሻጩ ሊሰጣቸው ሲል «የእኔን ክፍያ የምትከፍለኝ እሷ ናት» ብለው መለሱለት። ያቺ ቃል ልቤ ውስጥ ቀርታለች።

ትልቅ አትግዙ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጋሼ ራሳቸው አንድ ጎረቤቴን ከእኔ በእጥፍ የሚበልጥ ግዛ ብለውታል። እሱ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር አፈሩን በሚገለብጥ ሞልድቦርድ ማረሻ ነው የሚያርሰው፤ ለመጎተት ደግሞ ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ክብደቱ ነው ወሳኙ። ቀላል ትራክተር ሞተሩ ቢበረታም ጎማው ባዶውን ይዞራል።

እሳቸውን ለምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ነገር አዘጋጁላቸው። የዓመቱ ሥራ ከነሰዓቱ፣ የጠባቡ በርና የጠባቡ መተላለፊያ ልክ፣ ከሁሉ ከባዱ የምታነሱት ነገር በኪሎ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚመጡት። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ቀጠሮ ሊርቅ ይችላል፣ ታገሡ።

የእኔ ትራክተር ሰዓት ቆጣሪ አሁን 46 ላይ ነው። 50 ሲሞላ የመጀመሪያው ዘይት ይቀየራል። ጋሼ ቁጥሯን በወረቀት ጽፈው መሪው ሥር ለጥፈውልኛል፤ ትናንት ማታ ደግሞ ደውለው «ስንት ደረሰ?» አሉኝ። ማክሰኞ ይመጣሉ።