ማርሲያኖን ወደ ዛሬ ወይስ ፉሪን ወደ ድሮ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን አሳ ጥብስ እየበላን ነው። ጓደኛዬ «የድሮው የቦክስ ሻምፒዮን ሮኪ ማርሲያኖ ዛሬ ቢኖር ሁሉንም ይዘርር ነበር» ብሎ ድርቅ አለ። 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል፤ 43ቱን በዝረራ። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ሚዛኑስ? ማርሲያኖ 84 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ79። ዛሬ ቢሆን ክሩዘርዌት በሚባለው ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ምድብ ይመደብ ነበር። የዘመናችን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪ ደግሞ 2 ሜትር ከ6 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ዋይልደርን ሲያሸንፍ 124 ኪሎ ገደማ መዝኗል። አርባ ኪሎ ልዩነት ቀልድ አይደለም!

ጓደኛዬ እሾሁን እየለቀመ «ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክስ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ኡሲክ እ.ኤ.አ. በ2024 ፉሪን ያሸነፈው በቁመትም በክብደትም አንሶ ነው። ግን እሱም 100 ኪሎ ገደማ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ዙሩ ነው። ማርሲያኖ እ.ኤ.አ. በ1952 ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዋልኮት ቀበቶውን የነጠቀው በ13ኛው ዙር ነው። እስከዚያ በነጥብ እየተመራ ነበር። በዛሬው ሕግ ግጥሚያው በ12 ያልቃል። በቃ፣ ተሸነፈ ማለት ነው።

ፉሪን ወደዚያ ዘመን ብንወስደውስ? በዚያ ረጅም ክንድ ማን ይጠጋዋል? ግን 15 ዙር ነው፤ ያን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ። እስከ 12ኛው ለፉሪ እወራረዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ለማርሲያኖ።

የአሳውን ሂሳብ የተሸነፈ ይከፍላል ተባብለን ነበር። ተካፍለን ከፈልን።