ድግጣ ወይስ ወይራ፦ ለጠባብ ግቢ የትኛውን ችግኝ ልግዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ ችግኝ ሊገዛ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳዩት ግራቪሊያና ጃካራንዳ ነው። አንዱ ከአውስትራሊያ፣ ሌላው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ሁለቱም ግዙፍ ይሆናሉ። ግቢዎ ጠባብ ከሆነ የአገራችንን ዛፍ ይጠይቁ። እኔ የምመክረው ድግጣን ወይም ወይራን ነው።

አበባ የሚወዱ ከሆነ ድግጣን ይዘው ይግቡ። ደማቅ ቢጫ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ንብ አይጠፋበትም። አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር ስለሆነ ከመብራት ሽቦ ጋር አያጣላም። እንዲሁ ከተዉት ቁጥቋጦ ይሆናል። አንድ ግንድ መርጠው የጎኑን እየቆረጡ ካሳደጉት ግን የሚያምር ትንሽ ዛፍ ይወጣዋል። ችግኙን ካጡ ዘሩን ይልቀሙ፤ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይደር። ገበሬው ቅጠሉን ወቅጦ የከብት ቅማል ያጠፋበታል። መርዝነት ስላለው ልጆች ፍሬውን እንዳያኝኩ አደራ።

የወይራ አበባ ደቃቅ ነው፣ ዓይን አይገባም። ውበቱ ቅጠሉ ላይ ነው። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ፤ ነፋስ ሲመጣ ዛፉ መልኩን ይለውጣል። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፣ ድርቅም ይችላል። መፋቂያውም የጋን ማጠኛውም ከደጅ ይገኛል። ዕድገቱ ግን ዝግ ያለ ነው። ውሎ አድሮ 10 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ከግድግዳ ራቅ አድርገው ይትከሉት።

ኮርችና ብርብራም ያምራሉ፤ ኮርች እሾህ አለው፣ ብርብራ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

ለእኔ ከሳሎን መስኮት ፊት ድግጣን የሚያህል የለም። ወይራን ለልጅ ልጅ ለሚያስብ እተዋለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ በቁመቱ አይታለሉ። እኔ አንዴ ወገቤ የሚደርስ የወይራ ችግኝ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። በሁለተኛው ዓመት ደረቀ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ በችግኝ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደነበረው ተጠምጥሞ ቀርቷል፣ ልክ እንደ ገመድ ጥቅል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ገልበጥ አድርገው ታቹን ይዩ። ወፍራም ሥር ቀዶ ከወጣ ይለፉት። ጉልበት የሚደርስ፣ ግንዱ ጠንከር ያለ ይምረጡ። ሐምሌ ላይ ይትከሉት፤ ቢያንስ ሁለቱን በጋ ውሃ አይንፈጉት።