አሞክሲሲሊን ዲቲ 250፦ ፍሬው ሸጋ፣ መቀሱ ጠላቱ

ጅማ ውስጥ ልጅ ሲያስል ወላጅ ከፋርማሲ ይዞት የሚወጣው አሞክሲሲሊን ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ጠርሙስ፣ ለአዋቂ የተሠራ ባለ 500 ሚሊ ግራም ካፕሱል፣ ወይም ባለሙያዎቹ «ዲቲ» የሚሉት በውሃ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊ ግራም የልጆች ፍሬ። እዚህ የምንገመግመው ሦስተኛውን ነው። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለና የሳንባ ምች ለተገኘበት ልጅ ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም። ቅሬታችን ባንኮኒው ላይ እንጂ ፍሬው ላይ አይደለም።

ዋናው ጥቅሙ ሂሳቡ ላይ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሳንባ ምች ያስቀመጠው መጠን በአንድ ጊዜ ቢያንስ 40 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ5 ቀን ነው። ወደ ፍሬ ሲመነዘር ከ4 ኪሎ ጀምሮ 10 ያልሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ፣ ከ10 ጀምሮ 14 ያልሞላ 2 ፍሬ፣ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ያለ 3 ፍሬ ይወስዳል። የተለመደው ስትሪፕ፣ ማለትም ፍሬዎቹ የታሸጉበት ፎይል፣ 10 ፍሬ ስለሚይዝ የትንሹ ልጅ ሙሉ ሕክምና አንድ ስትሪፕ፣ የመካከለኛው ሁለት፣ የትልቁ ሦስት ይሆናል። ለአምስት ቀን ስንት ፍሬ እንደሚያስፈልግ ማስላት የለም፤ ስትሪፑ ሲያልቅ ሕክምናውም አለቀ። እንዲህ በራሱ ልክ የሚመጣ መድኃኒት ብዙ የለም።

አሁን 12 ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ በጠርሙስ አስቡት። በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም የያዘው ሽሮፕ ከታዘዘለት በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ፣ በቀን 40 ሚሊ፣ በአምስት ቀን ደግሞ 200 ሚሊ ያስፈልገዋል። ይህ ማለት ባለ 100 ሚሊው ጠርሙስ ሁለት መሆን አለበት። በተግባር ግን አንድ ጠርሙስ ተሰጥቶ «አንድ ማንኪያ በቀን ሦስቴ» ይባላል። አንድ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው ብንል እንኳ ልጁ በቀን የሚያገኘው 375 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ የሚገባው ግን 1,000 ነበር። የቤት ማንኪያ ደግሞ እንደ አሠራሩ 3 ሚሊም 7 ሚሊም ሊይዝ ይችላል።

ማነሱ ለምን እንደሚጎዳ ጀርሙን ማየት ነው። ለልጆች የሳንባ ምች ዋናው ባክቴሪያ ኒሞኮከስ ነው። ይህ ጀርም ፔኒሲሊንን የሚለምደው መድኃኒቱን በማፍረስ ሳይሆን መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን የራሱን ፕሮቲን ቀስ በቀስ በመቀየር ነው። ገና በከፊል የለመደውን ጀርም ከፍ ያለ መጠን ያሸንፈዋል፤ ዝቅተኛ መጠን ግን ደካማውን ገድሎ የለመደውን ያስተርፋል። ለዚህ ነው መጠኑ ከድሮው ከፍ የተደረገው። ብዙ ወላጅ «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብሎ ክላቩላኔት የተጨመረበትን አሞክሲሲሊን በውድ ይገዛል። ክላቩላኔት ግን የሚሠራው መድኃኒቱን በሚያፈርስ ኢንዛይም ላይ ነው። ኒሞኮከስ ይህን ኢንዛይም ስለማያመርት በዚህ ጀርም ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ትርፉ ሆድ ማላላት ነው።

አሰጣጡ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ልጅ በእጅ ይዞ ሲሠራ የሚሳሳቱት ብዙ ነው። ንጹሕ የቡና ሲኒ ውሰዱና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ፣ ማለትም ከሥሩ ጥቂት ብቻ አድርጉ። ጡት ለሚጠባ ሕፃን የታለበ የእናቱ ወተትም ይሆናል። ፍሬውን ጨምሩና ሲኒውን በእጃችሁ ዞር ዞር አድርጉት። የሚሟሟ ፍሬ በደንቡ ከ3 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ደቃቅ ነገር የተንሳፈፈበት ደብዛዛ ፈሳሽ ስታዩ ደርሷል ማለት ነው፤ እንደ ስኳር ጠርቶ አይጠፋም። ወዲያው አጠጡት። ከዚያ ሲኒው ሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በትንሽ ውሃ አለቅልቃችሁ ያንኑ ስጡት፤ ብዙ ቤት የሚቀረው ይህ የመጨረሻው ጉንጭ ነው። ሲኒውን ሞልቶ መበጥበጥ አያዋጣም፤ ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ፊቱን ያዞራል፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደም ማንም አያውቅም። ጡጦ ውስጥ መጨመርም እንዲሁ። ትኩስ ሻይና ትኩስ ወተት አይሁን። የአካባቢያችን ማር የቱንም ያህል ቢጥም፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በማር ማላስ ክልክል ነው፤ ምክንያቱ ማሩ ሊይዘው የሚችለው የቦቱሊዝም ጀርም ነው። ጣዕሙን በተመለከተ ፍሬው ራሱ ስለሚጣፍጥ ልጆች ብዙም አያስቸግሩም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው መጠኑ ይደገምለታል። ከምግብ በፊትም በኋላም መስጠት ይቻላል።

ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን ግምት ለሁለት መክፈል ግን ይቅር። 500 ሚሊ ግራም በግምት ሲከፈል እኩል አይመጣም፤ ካፕሱሉ የተሠራውም የዱቄቱን ምሬት ለመሸፈን ነው፤ ልጁ ቀምሶ ይተፋዋል።

የዲቲ ትልቁ ችግር መቀስ ነው። ስትሪፑ ለአንድ ሕክምና ልክ ሆኖ ሳለ «ስድስት ፍሬ ይበቃዋል» ወይም «የያዝከው ብር ይህን ያህል ነው» ተብሎ በመቀስ ይቆረጣል። ከዚያ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውና የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ የሚታተመው በስትሪፑ አንድ ጫፍ ላይ ስለሆነ ሌላው ቁራጭ ስምና ቀን የሌለው ፍሬ ይሆናል፤ እሱም ለሚቀጥለው ገዢ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ መቀሱ ወደ ፍሬው ኪስ ጠጋ ካለ ፎይሉ ይከፈትና እርጥበት ይገባል። አሞክሲሲሊን ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ውሃ ሲነካው የሚሠራው የሞለኪሉ ቀለበት ይፈርሳል። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ተፈልቅቆ በወረቀት ፖስታ የተሰጠ ፍሬ በጥቂት ቀን ይለሰልሳል፣ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። እንዲህ የሆነውን አትስጡት። ሦስተኛው ሕክምናው ግማሽ መሆኑ ነው፣ የሱን ጣጣ ከላይ አይተነዋል።

ስለዚህ ፋርማሲ ስትገቡ፣ የጅማው መርካቶም ይሁን አጂፕ ሰፈር፣ ሙሉ ስትሪፕ ጠይቁ። ጫፉን ገልብጣችሁ ቀኑን አንብቡ፤ ኪሶቹን በጣት ነካ ነካ አድርጋችሁ ያበጠ ወይም የተበሳ ካለ መልሱ። ጥሩ ፋርማሲስት የልጁን ኪሎ ሳይጠይቅ አይሰጥም። ኪሎውን ካላወቃችሁ ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ሚዛን ከሌለ ዕድሜውን ይጠይቃል። ፔኒሲሊን ወስዶ ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ያውቅ እንደሆነም ይጠይቃል። ፖስታው ላይ ሁለቱን ሰዓት ይጽፋል፤ ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ ይስላል። ማዘዣ ሳያይ የሚሸጥ ቤት ፈጣንና ትሁት ቢሆንም ከእኛ ነጥብ አያገኝም፤ አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ሌላው ጉድለት የአምራቾች ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጅማና ዙሪያዋ ላይ ደግሞ ልጁን የምታጠጣው እናት አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ተናጋሪ ናት። አራት መስመርና አንድ የሲኒ ሥዕል ይበቃ ነበር።

ማዘዣው የሚያስፈልገው ለደንብ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሳል የቫይረስ ጉንፋን ነው፤ ዲቲ አይነካውም። የሚለየው ትንፋሽ በመቁጠር ነው፦ ልጁ ተረጋግቶ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ገለጥ ተደርጎ፣ ሙሉ 60 ሴኮንድ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። 30 ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ የሕፃን ትንፋሽ እኩል አይሄድም። ይህን ቆጠራ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሠሩታል፤ እነሱም የሚሰጡት አሞክሲሲሊን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ነበር፣ በኋላ ተቀየረ። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚፈዝ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅ ፍሬ ፍለጋ ፋርማሲ አይዞርበትም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ሁለት ወር ያልሞላውም እንዲሁ።

ለማይሆንበት ነገርም ይገዛል። ውሃ ለመሰለ ተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ነው። አዋቂ ለሽንት ማቃጠል ከልጁ የተረፈውን ሲውጥም ይታያል፤ ክሌብሲየላ የሚባለው ጀርም በተፈጥሮው አሞክሲሲሊንን ይቋቋማል፣ ኢ. ኮላይም በብዛት ለምዶታል። እንዲህ ላለው ትክክለኛው መንገድ የሽንት ካልቸር አሠርቶ ጀርሙ የሚሞትበትን መድኃኒት ማወቅ ነው።

ይህን ሁሉ ዝርዝር የምንነዘንዘው ፍሬው ርካሽና ጥሩ ሆኖ እንዲቆይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ሲከፍል አሞክሲሲሊንን ያስቀመጠው በመጀመሪያው፣ በቅድሚያ እንዲታዘዙ በሚመከሩት ውስጥ ነው። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተስማማበት ግብ በ2030 በዓለም ላይ ከሚወሰደው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከዚህ ምድብ እንዲሆን ነው። በ2019 መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ያደረሱት ሞት ወደ 1.27 ሚሊዮን ይገመታል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ኖቤል ሲቀበል ያስጠነቀቀው መጠኑን አሳንሶ ስለመውሰድ ነበር፤ በመቀስ የተቆረጠ ስትሪፕ ሳያይ።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ይታይ። ትንፋሹ ቀዝቅዞ፣ ትኩሳቱ ወርዶ፣ መብላት ከጀመረ አምስተኛው ቀን ድረስ ይቀጥላል። ካልተሻለው በራስ ውሳኔ ሌላ መድኃኒት መደረብ አይደለም፣ ወዳየው ባለሙያ መመለስ ነው።

ዲቲ ከጠፋ፣ አንዳንዴ ይጠፋልና፣ ጠርሙሱን በ5 ሚሊ 250 ሚሊ ግራም የያዘውን ጠይቁ፤ ለባለ 12 ኪሎው ልጅ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሆኖ ባለ 100 ሚሊው ልክ አምስት ቀን ይደርሳል። ስትበጠብጡት መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋችሁ የተጋገረውን ዱቄት አላቅቁ፤ ፈልቶ በደንብ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሽ ጨምሩና ናጡ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉ። አረፋው ሲወርድ ልኩ ጎድሎ ይታያል፤ እንደገና እስከ ምልክቱ ሙሉት። ውሃውን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ሥሩ ላይ የተጋገረ ዱቄት ይተዋል፤ ከምልክቱ ማሳለፍ ደግሞ ያቀጥነዋል። ከመስጠታችሁ በፊት ሁልጊዜ ናጡት። የተበጠበጠው እንደ አምራቹ ለ7 ወይም ለ14 ቀን ይቆያል፤ 14 የሚለው ብዙውን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ለሚቀመጥ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት 7ቱን ያዙ። መለኪያ ኩባያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አብሮ ካልተሰጣችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።