የኢንተርኩለር ዘይት ማጠቢያዎች ሲመዘኑ፦ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የፍሬን ስፕሬይ፣ ዲግሪዘር

ኢንተርኩለር ቱርቦው ጨምቆ የሚልከውን የጋለ አየር ሞተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዝቅዝ ዕቃ ነው። የናፍጣ መኪና ኢንተርኩለር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ያጥባል ተብሎ የሚመከረው ፈሳሽ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። እዚህ የሚመዘኑት ኢንተርኩለሩን ፈትቶ ቤቱ ለሚያጥብ ሰው በቀላሉ የሚገኙት ናቸው። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ መጀመሪያ ነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ ለአሉሚኒየም የሚስማማ በውሃ የሚበጠበጥ ዲግሪዘር (ቅባት ማስለቀቂያ)፤ ከዚህ ጥምረት የሚበልጥ የለም። አንዱ ያለ ሌላው ግን ሥራውን ግማሽ ላይ ያስቀረዋል።

መለኪያው አራት ነው፦ ዘይቱን ይፈታል ወይ? ከፈታ በኋላ ራሱ ጠቅልሎ ይወጣል ወይ? አሉሚኒየሙንና ማሸጊያ ጎማውን ይጎዳል ወይ? በእሳት በኩልስ ምን ያህል ያሰጋል? ሰው የሚጨነቀው ለመጀመሪያው ነው፤ ዘይት መፍታት ግን ቀላሉ ነው፣ ማንኛውም ነዳጅ ነክ ፈሳሽ ያደርገዋል። ከባዱ ሁለተኛው ነው። በብዙ ኢንተርኩለሮች ቱቦ ውስጥ አየሩን የሚያተራምስ የታጠፈ ስስ ቆርቆሮ አለ፤ ፈሳሽ እዚያ መታጠፊያ ሥር ይደበቃል። የተደበቀው ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። የናፍጣ ሞተር ዙር የሚገዛው በሚረጭለት ናፍጣ መጠን ስለሆነ፣ ከአየር ጋር የሚገባ ዘይትም ሆነ ነጭ ጋዝ ማንም ያልመጠነው ነዳጅ ነው። ብዛት ካለው ሞተሩ ቁልፉ ተዘግቶም እየጮኸ ዙር ሊጨምር ይችላል። ያኔ የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ መድፈን ነው፤ በእጅ መዳፍ ፈጽሞ አይሞከርም።

ስለዚህ ማጠቢያ ከመምረጥ በፊት የወጣውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ኢንተርኩለሩ ሲፈታ አፉን ወደ ታች አድርጎ በንጹሕ ዕቃ ላይ ማንጠፍጠፍ ነው። ግድግዳውን ያረጠበ ስስ ዘይት፣ ወይም ከሥር የተጠራቀመ ጥቂት ማንኪያ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ ቱርቦ መኪና ላይ የተለመደ ነው። በፒስተን ፋሻ በኩል ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ የዘይት ጭጋግ ይዞ በሞተሩ መተንፈሻ ወደ አየር መግቢያው ይመለሳል፤ ኢንተርኩለር ውስጥ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይወርዳል። ከብርጭቆ በላይ ከወጣ ግን ነገሩ የእጥበት ጉዳይ አይደለም። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ዘይቱን በቱርቦው ማሸጊያ በኩል ስቦ ያወጣል፤ የቱርቦው ዘይት መመለሻ ቱቦ ሲጠብም ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በጎን ይወጣል፤ የመተንፈሻው ማጣሪያ ሲደፈን ወይም ሞተሩ ውስጥ ከመጠን በላይ ዘይት ሲሞላም እንዲሁ።

ቀለሙም ይናገራል። ጥቁር ግን ቀጭን ዘይት ከሆነ የመተንፈሻው ነው። እንደ ቅባት የወፈረና ጥላሸት የበዛበት ከሆነ መኪናው የጭስ መልሶ ማዞሪያውን ከኢንተርኩለር በፊት የሚያስገባ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በነጭ ጋዝ ብቻ አይለቅም። የነጣ ቡናማ አረፋ የመሰለው ውሃ የገባበት ዘይት ነው። የወጣውን በነጭ ጨርቅ አጥልሎ ከፀሐይ ጋር ማየት ግዴታ ነው፤ የብረት ብልጭታ ካለ ቱርቦው ተሰብሯል ማለት ነው፣ ያ ኢንተርኩለር ደግሞ አይታጠብም፣ ይቀየራል። በመታጠፊያዎቹ መሃል የተሰካ ፍንካች የትኛውም ፈሳሽ አያወጣውም፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ ተላቆ ሞተሩን ይበላል። እዚህ ላይ ገንዘብ ለማትረፍ መሞከር ትርፉ ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ፈሳሾቹ።

ነጭ ጋዝ ለመጀመሪያው ዙር የሚመረጥ ነው። የሞተር ዘይትን በደንብ ይፈታል፣ አሉሚኒየም አይነካም፣ ቀስ ብሎ ስለሚተን ቱቦው ውስጥ ለመሥራት ጊዜ አለው። እንፋሎቱ በእሳት ለመያያዝ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሞቅ አለበት፤ በሞቃት ቀን ግን ይህ ሩቅ አይደለም፣ ሥራው ደጅ ጥላ ሥር ይሁን። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስስ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ብቻውን አይጨርስም። ሁለተኛ፣ የሲሊኮን ቱቦና አንዳንድ ማሸጊያ ጎማ ያሳብጣል። ስለዚህ ኦሪንግ የሚባሉት ክብ ማሸጊያ ጎማዎችና ጎማ ቱቦዎች ተፈተው ለብቻ ይቀመጡ፤ እነሱ በሳሙና ውሃ ይታጠባሉ። ጫፎቹ ላይ የፕላስቲክ ሳጥን ያለው ኢንተርኩለር ከሆነ በፕላስቲኩና በአሉሚኒየሙ መሃል የተጨመቀ ጎማ ስላለ ነጭ ጋዙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ውስጡ አይቆይ።

ናፍጣ የነጭ ጋዝ ወፍራም ወንድም ነው። ይፈታል፣ ግን የሚተወው ቅባት ይበዛል፣ ለማድረቅም አስቸጋሪ ነው። ነጭ ጋዝ ሲጠፋ ለመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።

ቤንዚን ውጤቱ ፈጣን ስለሆነ የሚወዱት አሉ። ዜሮ ነው የሚሰጠው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ በእሳት የሚያያዝ እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ ምድጃ ወይም የመብራት ማብሪያ ላይ ይደርሳል። አምስት ሊትር ቤንዚን በብረት ዕቃ ውስጥ ማወዛወዝ ደግሞ በራሱ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። አሴቶንም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ በ56 ዲግሪ ስለሚፈላ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ብዙ ዓይነት ማሸጊያ ጎማም ያበላሻል። ቶሎ መድረቁ ጥሩ ቢሆንም ለመጨረሻ ማለቅለቂያ ብሎ እሱን መግዛት አያስፈልግም፤ ሙቅ ውሃና ትዕግሥት ይበቃል።

የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ከቆርቆሮው እንደወጣ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚተን ወደ ኢንተርኩለሩ መሃል ሳይደርስ አፉ ላይ ያልቃል። አፉ ጠርቶ ሲታይ ሰው ጨረስኩ ይላል፤ ውስጡ እንደነበረ ነው። ሁለትና ሦስት ቆርቆሮ የሚጨርሰው አንድ ጀሪካን ነጭ ጋዝ የሚሠራውን ሩብ አይሠራም። ቦታው ሌላ ነው፦ ጎማ ቱቦው የሚቀመጥበትን የብረት አንገት ለማድረቅ ግሩም ነው፤ እዚያ ዘይት ከቀረ ቱቦው በግፊት ይንሸራተታል። ቆርቆሮው ላይ ክሎሪን ያለበት መሆኑ ከተጻፈ ለዚህ ሥራ አይገዛ፤ እንፋሎቱ በጣም ሲጋል ወይም እሳት ሲነካው ፎስጂን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ግን በምድጃ ማጽጃና በአንዳንድ ኃይለኛ ዲግሪዘሮች ነው። መለያው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከተጻፈ አሉሚኒየም ይበላል። ሲገባ ይፈላል፣ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ብረቱን ያጠቁራል፤ የኢንተርኩለር ቱቦ ግድግዳ ደግሞ በጣም ስስ ስለሆነ የሚበላ ትርፍ የለውም። የሚያሳስተው ዘይቱን በጣም አሳምሮ ማውጣቱ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ ጠብታ በአሮጌ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ጠብ አድርጎ ሩብ ሰዓት መጠበቅ። አረፋ ካወጣ ወይም ብረቱ ከጠቆረ መልሰው ይዝጉት። የዋህ የሚባሉትም ገደብ አላቸው፤ ሲምፕል ግሪን ለምሳሌ አሉሚኒየም ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ አምራቹ ራሱ ያስጠነቅቃል፣ ለአውሮፕላን አሉሚኒየም የተሠራውን ዓይነት ለብቻው የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥሩ ዲግሪዘር መለያው ላይ ለአሉሚኒየም መስማማቱን በግልጽ የሚጽፍ፣ በውሃ የሚበጠበጥና ብዙ አረፋ የማያወጣ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሌላ ሲጠፋ ሊተካው ይችላል፤ አረፋውን ለማውጣት ግን ውሃው በእጥፍ ይጨምራል።

ደብሊውዲ 40 የሚረጩም አሉ። እሱ ራሱ ዘይት ትቶ የሚሄድ ነው፤ ቅባት በቅባት መተካት ነው። ሳይፈታ፣ ሞተሩ እየሠራ በአየር መግቢያው የሚረጨው ዓይነት ማጽጃ ደግሞ ኢንተርኩለር ለማጠብ አይደለም። ከሥር የተኛውን ዘይት አላልቶ በአንድ ጊዜ ሞተሩ እንዲውጠው ካደረገ ከላይ የተባለው የዙር ማምለጥ ይመጣል፣ ፈሳሹ ከበዛም ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል ኮንሮዱ (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል።

አሠራሩ ይኸውና። ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ኢንተርኩለሩ ይፈታል፤ የሞተሩ ክፍት አፎች በንጹሕ ጨርቅና በፕላስቲክ ይታሰሩ፣ ወደ ውስጥ የወደቀ ብሎን ሌላ ታሪክ ነው። ለፒክአፕ ኢንተርኩለር በአንድ ዙር ሁለት ሊትር ነጭ ጋዝ ይበቃል፤ ለከባድ መኪና ከአምስት ሊትር በታች አይሞከር። ሞልቶ ማስቀመጥ ስህተት ነው፦ ፈሳሹ መላወስ ካልቻለ አያጥብም፤ ሲሶውን ያህል ሞልቶ ሁለቱን አፍ መድፈንና ለአምስት ደቂቃ ከጫፍ ጫፍ ማገላበጥ፣ ገልብጦ ሌላ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ጠፍጣፋውን ጎን አስተኝቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት። ሲወጣ በነጭ ጨርቅ ይጠለል። የመጀመሪያው እንደ ቡና ጥቁር ይሆናል፣ ሦስተኛው የደከመ ሻይ መምሰል አለበት። ያንኑ የቆሸሸ ነጭ ጋዝ መልሶ መጠቀም ዘይቱን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ብቻ ስለሆነ በየዙሩ አዲስ ይግባ። የወጣው ሁሉ ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ይሰጥ፤ መሬት ላይም ቦይ ውስጥም አይደፋ።

ቀጥሎ ዲግሪዘሩ፣ መለያው በሚያዘው መጠን፣ ካላዘዘ አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ። ውሃው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የነጭ ጋዙን ቅባት አያነሳም፣ የፈላ ውሃ ደግሞ የፕላስቲክ ሳጥኑን መጋጠሚያ ያስጨንቃል። ከ10 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ እየተገላበጠ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ የዘይት ሽፋን እስኪጠፋና አረፋ እስኪያልቅ በሙቅ ውሃ ማጠብ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ሥራም እዚህ ነው።

የውጪው ክንፍ እንዳይረሳ። በውስጥ ያለ ስስ ዘይት ማቀዝቀዙን የሚቀንሰው በመጠኑ ነው፤ በክንፎቹ መሃል የተጋገረ አቧራና ነፍሳት ብዙ ጊዜ ከሱ ይበልጣል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በመደበኛ የውሃ ቱቦ ግፊት ይታጠብ። የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ክንፉን ያጥፈዋል።

ማድረቁ አይታለፍ። አፎቹን ወደ ታች አድርጎ አቁሞ፣ በኮምፕሬሰር ከ2 ባር ባልበለጠ አየር ከሁለቱም በኩል መንፋት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ወይም የሞቀ አየር ፊት ሙሉ ቀን ማቆየት። እሳት፣ ብየዳ ወይም የጋለ ንፋስ የሚተፋ መሣሪያ የነጭ ጋዝ ሽታ እስካለ ድረስ አይቅረብ። ማረጋገጫው አፉ ላይ ነጭ ወረቀት ይዞ ከሌላው በኩል አየር መንፋት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ካረፈ አልደረቀም። ሽታም ካለ አልደረቀም።

ከመገጠሙ በፊት የአየር ፍተሻ ይደረግ፣ ምክንያቱም ዘይት ስስ ቀዳዳ ደፍኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ታጥቦ ሲወጣ አየር ማስተንፈስ ይጀምራል፣ ሰውም ማጠቢያውን ይወቅሳል። በከባድ መኪናዎች ዘንድ የተለመደው ልክ፣ 30 ፒኤስአይ ማለትም 2 ባር ያህል ነፍቶ ቫልቩን መዝጋት፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ፒኤስአይ በላይ ካልወረደ ይገጠማል። ለትንንሽ መኪኖች የአምራቹ መመሪያ ይቀድማል። መድፈኛዎቹ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ ይታሰሩ፤ በዚህ ግፊት የሚፈናጠር መድፈኛ ሰው ይጎዳል።

ሲገጠም ኦሪንጎቹ አዲስ ይሁኑ፣ የቱቦ አንገቶቹ ደረቅ ይሁኑ፣ ማሰሪያው አምራቹ ባለው ልክ ይጥበቅ። በውስጥ በኩል የለሰለሰ ወይም ንብርብሩ የተላጠ የሲሊኮን ቱቦ ዘይት የበላው ስለሆነ አይመለስ። የመጀመሪያው ማስነሻ አጠገብ ጣውላ ይዞ ነው፤ ሞተሩ ያለ ጋዝ ፔዳል አሥር ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ጥቂት ነጭ ጭስ ወጥቶ ቢጠፋ የቀረ እርጥበት ነው፤ እየባሰ ከሄደ ሞተሩ ይጥፋ፤ ዙሩ በራሱ ከጨመረ ወዲያው የአየር መግቢያው በጣውላው ይደፈን። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የታችኛውን ቱቦ ፈትቶ ጣት ማስገባት ነው። ጣት ብቻ ከረጠበ ሥራው ጥሩ ነው፤ ከተንጠባጠበ ቀጣዩ የሚፈታው ቱርቦው ወይም መተንፈሻው ነው፣ ኢንተርኩለሩን መልሶ ማጠብ አይደለም።