አዲስ ባለ ሾክ ወይስ ያገለገለ ደረቅ ሳይክል? ከአርባ በኋላ ለሚገዛ

ከለገጣፎ፣ ከጀሞ፣ ከኮዬ ፈጬ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዕድሜዬ አርባ አልፏል፣ ተንቀሳቀስ ተብያለሁ፤ መርካቶ ያየሁትን አዲሱን ባለ ሾክ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» መልሱ ያገለገለ ነው። ፊቱም ኋላውም ሾክ የሌለው፣ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው፣ ጎማው 26 ኢንች የሆነ የተራራ ሳይክል። ጃይንት ይሁን ትሬክ ወይም ስኮት ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ቴላዮው፣ ማለትም ሁሉ ዕቃ የሚታሰርበት የቱቦ አካሉ፣ ጤነኛ መሆኑ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ሳይክል ዋጋ ዶላርን ተከትሎ ይሄዳል፤ ነጋዴው የሚቀንስላችሁ ለምርቃት ያህል ነው። ያገለገለው ግን የተቆረጠ ዋጋ የለውም፣ የሚያየውን የሚያውቅ ገዢ በርካሽ ይወስደዋል። በእጃችሁ 25,000 ብር አለ እንበል። ለአዲሱ ሙሉውን ትከፍላላችሁ፣ ጥገናው ደግሞ ገና አልተጀመረም። ያገለገለውን ከ20,000 በላይ አትግዙ፤ 5,000ው ለካቴና፣ ለፍሬን ላስቲክ፣ ለካቦ፣ ለከመነዳሪ (አየር ለሚይዘው የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ)ና ካስፈለገ ለአንድ ጎማ ይቀመጥ። ገንዘባችሁ ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም ክፍፍሉ ያው ነው፦ ከአምስት እጅ አንዱ ለጥገና። ሻጩ «ምንም አይፈልግም፣ ነድታችሁ መሄድ ነው» ቢልም ሂሳቡን አትሰርዙ። ይልቅስ የሚቀየረውን አንድ በአንድ እያሳያችሁ ከዋጋው አስቀንሱ።

ሾኩ ለምን ተጠላ? በዚህ ዋጋ የሚመጣው ሾክ ውስጡ ሽቦ ሞላ ብቻ ነው፤ ዘይት የለውም፣ አቧራ የሚከለክል ጎማውም ለስሙ ያህል ነው። ሞላው ሲጫን ይወርዳል፣ ሲለቀቅ መልሶ ይወረውራችኋል። የኋላው ክንድ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ሲበላ የኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ይዋልላል፤ ለዚያ ቀለበት ምትክ ፈልጎ ከማግኘት ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቀላል። ክብደቱ ደግሞ ከ17 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል፣ ደረቁ ከ12 እስከ 14 አካባቢ ነው። ከተማው ራሱ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ነው የተቀመጠው፣ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ ዳገቱን ስትጀምሩ እያንዳንዱ የእግር ግፊት ሾኩን ወደ ታች ይጨምቃል፣ ጉልበታችሁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለኮብልስቶኑ ሾክ ሳይሆን ወፍራም ጎማ በቂ ነው። ከ26 በ1.95 እስከ 26 በ2.1 ያለውን ግዙና ለ75–80 ኪሎ ሰው ፊቱን 35፣ ኋላውን 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) አስነፉ። ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ ቁጥሩን እናንተ ንገሩት፣ ቆማችሁም ተመልከቱ። ለመኪና የለመደ ኮምፕሬሰር የሳይክል ከመነዳሪን በጥቂት ሰከንድ ያፈነዳዋል።

ማርሽን በተመለከተ «21 ማርሽ ነው» የሚለው ወሬ ዋጋ የለውም። ጥርስ ቁጠሩ። የፊቱ ትንሹ 28፣ የኋላው ትልቁ 28 ከሆነ አንድ ለአንድ ነው፤ እንጦጦ ግርጌ ላይ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ፊቱ 22 ወይም 24፣ ኋላው ከ30 እስከ 34 ከሆነ ፊቱ ለኋላው ሲካፈል 0.8 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፣ ጉልበት የሚያተርፈው እሱ ነው። ብዙዎቹ ያገለገሉ የተራራ ሳይክሎች እንዲህ ናቸው።

ከጥርሱ ጀርባ ሌላ ጣጣ አለ። በርካሾቹ ላይ የኋላው ማርሽ ሞዞው (የጎማው መሀል ሽቦዎቹ የሚሰኩበት) ላይ የሚጠመዘዝ ነው፤ ስለዚህ የቀኙ ኩሽኔታ ከቴላዮው ርቆ ወደ መሀል ይገባል፣ የነጂው ክብደትም ባዶውን በቀረው አክሲል ላይ ያርፋል። ክብደቱ ለበዛ ሰው አክሲሉ ሊጎብጥ፣ ሲብስም ሊሰበር ይችላል። የተሻለው ዓይነት ኩሽኔታው ዳር ድረስ የወጣው ካሴት ነው። ለመለየት ጎማውን አስፈትታችሁ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አሽከርክሩ፦ መፍቻው የሚገባበት የመሀሉ ቀለበት አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፣ ጥርሱ ብቻ ዞሮ መሀሉ ከቆመ የሚጠመዘዘው ነው። ሻጩ ጎማ አላወልቅም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ስለ ተለጣፊ ስም አንድ ነገር። ቴላዮው ላይ «ሺማኖ» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ ቴላዮውን ሺማኖ ሠራው ማለት አይደለም፤ ኩባንያው ማርሽና ፍሬን ነው የሚሠራው። እውነተኛው ዕቃ ጀርባው ላይ የተቀረጸ የሞዴል ኮድ አለው። በወረቀት ብቻ የተለጠፈና በጥፍር የሚነሳ ከሆነ ዋጋውን እንደ ስም የለሽ ዕቃ አስሉት። የመኪና ፋብሪካ ስም የተጻፈባቸው፣ ጎማቸው በሽቦ ፋንታ በሦስት ወፍራም ክንድ የተያዘ ታጣፊዎችም አሉ። ክንዱ ጉድጓድ ላይ ከተሰነጠቀ አይጠገንም፣ ሙሉው ቸርኬ ይጣላል። የሽቦ ቸርኬ ግን ቢጣመም ማንም ሳይክል ሠሪ ያቀናዋል።

ያገለገለውን ስትመረምሩ ብዙ ጊዜ የምትሰጡት ለቴላዮው ይሁን። ከመሪው ሥር፣ ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት በታች በኩል ጣታችሁን አሳልፉ፦ ቀለሙ የተጨማደደ ወይም ያበጠ ከሆነ ከፊት ተጋጭቷል፣ በነፃም አይወሰድ። ሙሉ ለሙሉ አዲስ ቀለም የተቀባውን ተጠራጠሩ። ማግኔት ያዙ። ከያዘው ብረት ነው፤ ብረት ቢሰነጠቅ በጋዝ ብየዳ በነሐስ ይያዛል፣ ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ግን የኤሌክትሪክ ብየዳ ይበሳዋል። አሉሚኒየም በአርጎን ቢበየድም በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ስፍራው ላይ ያጣል፤ የተበየደ አሉሚኒየም ቴላዮ አትግዙ። የመቀመጫው ቱቦ ከፍና ዝቅ ማለቱን እዚያው ሞክሩ፣ ዝገት ነክሶት ከቀረ ማውጣቱ የቀን ሥራ ነው።

ለካቴና ማስመሪያ በቂ ነው። ከአንድ ፒን መሀል ተነስታችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩ፣ አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። 30.65 ከደረሰ ይቀየር። 30.8 ከሆነ የኋላውን ጥርስም በልቶታል፣ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥሙ ዳገት ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል፤ የሁለቱንም ዋጋ ሻጩ ከጠየቀው ላይ አስነሱ። ካቴናውን ጋራዥ በሚገኝ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፣ ውስጡ የብረት ብናኝ አለ። ቀጭን አዲስ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉት፤ በክረምቱ የዋልካ ጭቃ ሰሞን ከየጉዞው በኋላ ይደገም።

ከውጭ ከመጡት አንዳንዶቹ ቀጭን አፍ ያለው ቫልቭ አላቸው። የሰፈር ጎሚስታ አይነፋውም፤ ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ ግዙና ቁልፋችሁ ላይ እሰሩት። የቸርኬው ቀዳዳ ለዚያ ቫልቭ 6.5 ሚሊ ነው፣ የመኪና ዓይነቱ 8.5 ይፈልጋል። ወፍራም ቸርኬ ከሆነ በመሰርሰሪያ አስፍቶ ዳሩን በሞረድ ማለስለስ ይቻላል፣ ቀጭኑን ግን አትንኩ።

ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ አስፋልቱን ብቻ ለሚሄድ ይሆናል። ቤቱ ኮብልስቶን ውስጥ ለሆነ አይሆንም፣ ከመነዳሪውም እንደ 26ቱ በየሱቁ አይገኝም።

ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሳይክሉን ገልብጡትና ከፔዳሉ በታች የተቀረጸውን የቴላዮ ቁጥር በሽያጭ ውሉ ላይ አጽፉ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ርካሽነቱ አይሸንግላችሁ።

አዲሱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሳትነዱት ሁለቱንም ሞዞ አስፈትታችሁ ግሪስ አስሞሉ፣ አብዛኞቹ ደረቅ ሆነው ነው የሚመጡት። የግራው ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ እንደሚዞር ለሠሪው ንገሩት፤ በጉልበት ከተገባ የፔዳሉ ክንድ ይበላሻል። የክንዶቹን ብሎን ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና አስጠብቁ። መቀመጫውን ተረከዛችሁ ታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግራችሁ ቀጥ እስኪል ከፍ አድርጉት፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበት ያሳምማል። ከዚያ ክረምት ሳይገባ፣ ሾኩ ገና ሲያብረቀርቅ ሽጡት።