የዛፍ ቅጠል ገፈራ ለበጎች፦ ሠርቼ አብልቼ ያየሁት

ፍርዴን ላስቀድም። ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ ገፈራ፣ ማለትም ሳይሌጅ (እርጥብ እያለ አየር ሳያገኝ ታሽጎ የሚኮመጥጥ መኖ)፣ ለበግ ግሩም ደጋፊ መኖ ነው። ደጋፊ ያልኩት አውቄ ነው፤ ድርቆሹንና ገለባውን አያስቀርም።

ቅጠል ማድረቅም ያስኬዳል። ግን ሲደርቅ ይፈረፈራል። ፕሮቲን ያለበት ክፍል መሬት ላይ ይረግፍና ለበጓ የሚደርሳት ቀንበጡ ነው። ገፈራ ላይ ይህ ብክነት የለም፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

አየር ሲታፈን ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ይሄ አሲድ ነው። የዛፍ ቅጠል ደግሞ ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ይፈልጋል። ለ100 ኪሎ ቅጠል ከ3 እስከ 5 ኪሎ በውሃ አቅጥኜ እረጭበታለሁ።

እርጥበቱን የምለካው በእጄ ነው። ጠውለግ ያለውን ቅጠል ከትፌ በጭብጤ ጨምቄ እለቀዋለሁ። ውሃ ከተንጠባጠበ ገና ነው። ወዲያው ከተበታተነ ደርቋል። መዳፌን አርጥቦ ቀስ ብሎ ሲፈታ ልክ ነው።

ማስቀመጫው ላይ አትሰስቱ። ክዳኑ በብረት ቀለበት የሚቆለፍ የፕላስቲክ በርሜል ከከረጢት በብዙ ይሻላል። ከረጢት አይጥ ይበሳዋል፤ በአንዲት ቀዳዳ የገባ አየር ዙሪያዋን ያሻግታል። በርሜሉን ስሞላ በስሱ እየደረብኩ በእግሬ እጠቀጥቃለሁ፣ በተለይ ጠርዝ ጠርዙን። 6 ሳምንት ያህል ታሽጎ ይቆያል። ጥሩው ሲከፈት ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ አለው። የተበላሸ ቅቤ የሚሸትና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ይደፋ!

በጎቹ መጀመሪያ አሽትተው ተዉት። ከፉርሽካ ጋር በትንሽ በትንሹ ደባልቄ አስለመድኳቸው። አሁን የቀለበቱን ድምፅ ሲሰሙ ግርር ብለው ይመጣሉ። የሚያጠቡት እናቶች ጡታቸው ሞላ ብሏል፤ ግልገሎቹን ማየት ራሱ ያስደስታል።

የዛፉ ምርጫ ግን ቀልድ አይደለም። የሐር ትል የሚበላው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ተመራጬ ነው። ሉኪኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍም ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሚሞሲን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ሲበዛ የበግ ፀጉር ያረግፋል። ከጠቅላላው መኖ ከሲሶ አላሳልፈውም። እንደ ኦሊያንደር ያለ መርዛም ዛፍ ደግሞ ወደ በርሜሉ ዝር አይበል።

አፈር የነካውንና የሻገተውን ለእርጉዝ በግ ፈጽሞ አልሰጥም። በደንብ ባልታሸገ ገፈራ ላይ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል። ያስወርዳል፤ አንጎል ከደረሰም በጓን በአንድ አቅጣጫ እያዞረ ይገድላታል። ስለዚህ በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከላይ እኩል እያነሳሁ መልሼ እዘጋዋለሁ።

የሚያሰለቸው ክተፋው ብቻ ነው። በቆንጨራ ወገብ ይቆርጣል፤ መንጋው በዛ ላለ ሰው መክተፊያ ማሽን የግድ ነው።