ሞልተን ቢጂ5000፦ የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ኳስ ለየትኛው ቡድን ይሆናል?

ማይክ ሸሸፍስኪ («ኮች ኬ») እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2022 ዱክ ዩኒቨርሲቲን አሠልጥኖ አምስት የኮሌጅ ዋንጫ ወስዷል፤ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ደግሞ በቤጂንግ፣ በለንደንና በሪዮ ወርቅ አሸንፏል። በሁለቱ ሥራዎች ግን ኳሱ አንድ አልነበረም። በኮሌጅ መደበኛ ጨዋታ ኳሱን የሚያቀርበው ባለሜዳው ነው፤ በኮሌጆቹ ብሔራዊ ውድድር የዊልሰን ሲንቴቲክ (ሰው ሠራሽ ቆዳ) ኳስ ይገባል። ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጣቸው የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ተጫዋቾች ያኔ የለመዱት ባለ 8 ቁራጩን የስፖልዲንግ ቆዳ ኳስ ነበር። ፊባ ውድድር ላይ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ባለ 12 ቁራጩ፣ ብርቱካናማና ክሬም ቀለም ያለው ሞልተን ነው።

በሪዮ የተጫወቱበት የሞልተን ኳስ፣ ጂኤል7ኤክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቢጂ5000 ቦታውን ለቋል። የስፌት መስመሩ ብዙ ስለሆነ ጣት ቶሎ መያዣ ያገኛል። ከባለ 8 ቁራጭ የመጣ ወርዋሪ ግን እጁ የለመደውን መስመር ፈልጎ ያጣዋል፤ መጀመሪያ ላይ ኳሱ ወደ ጎን የሚያመልጠው ለዚህ ነው። ከቅርጫቱ ሥር በአንድ እጅ እየወረወሩ ጀምሮ ወደ ቅጣት መስመር መራቅ፣ ባለ ሦስት ነጥቡን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል። ዋናው ቁም ነገር ውድድሩ ሳይደርስ በዚያው ኳስ መለማመድ ነው።

ቢጂ5000 እውነተኛ ቆዳ ነው። አዲሱ ያንሸራትታል፤ ጥሩ የሚሆነው ሲሠራበት ነው። የተሠራው ለቤት ውስጥ የእንጨት ወለል ብቻ ነው። ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ ከተነጠረ በላዩ ያሉት ጥቃቅን ጉብጉቦች ይላጫሉ፣ ክሬሙ ቁራጭ ይጠቁራል፣ ውሃ ከነካው ይከብዳል። ስለዚህ ሜዳው ደጅ ለሆነ ቡድን (እኛ ጋ አብዛኛው እንዲህ ነው) ይህን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ቢጂ3800 ለቤት ውስጥም ለደጅም ይሆናል፤ ጎማው ቢጂ2000 ደግሞ ሲሚንቶውን ይችላል። የቤት ውስጥ ሜዳ ኖሮት ቆዳውን የማይፈልግ ሲንቴቲኩን ቢጂ4500 ይውሰድ።

ኮዱን በትክክል ያንብቡ፦ «ቢ7ጂ5000» ላይ 7ቱ መጠኑ ነው። 7 ቁጥር ለወንዶች፣ 6 ለሴቶች፣ 5 ለሕፃናት። አስመስሎ የተሠራ ኳስ ሲጠረጠር ወደ ላይ አሽከርክረው ይወርውሩት፤ መስመሩ ሲወላገድ ከታየ ክብ አይደለም።

ግፊቱ ቫልቩ አጠገብ ታትሟል። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከሌለ የኳሱን ታች ከወለሉ 1.80 ሜትር ላይ አድርገው ይልቀቁት፤ ሲነጥር አናቱ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር መድረስ አለበት። ድሬዳዋ ተነፍቶ አዲስ አበባ የመጣ ኳስ ደንድኖ ይገኛል፤ የውጪው አየር ስለሚሳሳ በጌጅ ወደ 1.5 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ገደማ ይጨምራል። የሚጓዝ ቡድን ሜዳው ላይ ደርሶ እንደገና ይለካ፤ ወደ ቆላ የወረደ ደግሞ ፓምፕ መያዝ አይርሳ።

መርፌው ሳይርስ አይግባ፤ ደረቅ መርፌ ቫልቩን ይቀድዳል፣ ኳሱም ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲያስተነፍስ ያድራል። ከጨዋታ በኋላ አቧራና ላቡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሳሙናም ፀሐይም አያስፈልገውም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ጥቂት አየር ይቀነስለት።